መብረቅ ሕግ ያከብራል

ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 9

ውድ ይሄይስ፣

ከተቀበርክ አራተኛ ወርህን ያዝክ። በሕይወት እያለህ አንድ ነገር ብነግርህ ይበቃህ ነበር። እሱን ውጬ ይኸው ዛሬ ለማያነብ ሰው እጽፋለሁ።

ቴፒ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደግነው። አባትህ ከጎጃም የመጡ አስተማሪ፣ አባቴ ከስልጤ የመጣ ጨው ቸርቻሪ። ሰማይ ሲያጓራ ሌላው ልጅ ጆሮውን ይይዛል፤ አንተ ጮክ ብለህ ትቆጥራለህ። «ሰይፉ፣ ድምፁ እስኪደርስ ስድስት ቆጠርኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል» ትለኝ ነበር። እኔ አምንህ ነበር እንጂ አልገባኝም። ዛሬም አልገባኝም።

አዲስ አበባ ገብተህ በፊዚክስ ዶክተር ስትባል ከእንግዲህ አይመለስም አልን። ተመለስክ። እዚሁ ሚዛን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመርክ፣ ሔዋንን አገባህ፣ ፋናን ወለዳችሁ። ጠዋት ሳታስቀድስ፣ ከሰዓት ፋናን በባጃጅ ከትምህርት ቤት ሳታመጣ የዋልክበትን ቀን አላስታውስም። የጌጫው ትምህርት ቤት በመብረቅ ተመትቶ ሁለት ልጆች የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ደርሰህ መጣህ። በአራተኛው ቀን ሱቄ ገብተህ «የመዳብ ሽቦ አለህ?» አልከኝ።

ከዚያ ወዲህ ለሰባት ዓመት ቅዳሜህ የመሰላል ሆነ። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጤና ኬላው፣ የእኛ መስጊድ፤ አሥራ ዘጠኝ ጣሪያ ላይ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ተከልክ። ሽማግሌዎች «የእግዜርን ቁጣ በብረት ልትመልስ?» ሲሉህ ሳትቆጣ ነበር የምትመልሰው። «ዝናቡስ የእግዜር አይደል? ጣሪያ ቆርቆሮ አልብሰን እንጠለል የለም? መብረቅ ሕግ ያከብራል አባቶቼ፣ ሕጉንም የሠራው እሱ ነው። እኛ ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ ብቻ ነው የምናሳየው።»

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በየካቲት አንድ የማላውቀው ጎልማሳ በማዳበሪያ ጆንያ ሽቦ ይዞ መጣ። ከቆርቆሮና ከምስማሩ ጎን ቁርጥራጭ መዳብ እንደምገዛ ታውቃለህ። ሽቦውን ሳወጣው በአንተ እጅ የተገመደ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ሦስቱን አንድ አድርገህ ስትገምድ ስንቴ ጫፉን ይዤልህ የለ!

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከቤቴ።»

አሮጌውን አውልቀህ አዲስ ተክተህ ሰጥተኸው ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሌላ ገበያተኛ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ገዛሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በየዓመቱ ዝናቡ ሳይበረታ ሁሉንም እየዞርክ ታያለህ። ዘንድሮ ግን ፋና ታማ ጅማ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ከአልጋዋ አልተለየህም። ስትመለሱ ዝናቡ ቀድሟችሁ ነበር። ሚያዝያ ሃያ አንድ፣ ከሸዋ ቤንች በላይ ባለችው የገጠር ማርያም፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ዶፉ ወረደ። ዘንጉ አለ ብለው ተማምነው ሽቦው በሚወርድበት ግድግዳ ጥግ ተጠለሉ። አራት ሰው ሞተ። አንዷ የዚያችው ማርያም ቄስ የወርቅአፈራሁ ልጅ፣ ልዩ የምትባለው ነበረች።

ቀብሩ ላይ አብሬህ ቆሜ ነበር። ቄሱ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ ወደ አንተ ዞሩና «ዶክተር፣ መብረቁን የጠራው ብረትህ ነው። ልጄን አንተ ገደልካት» አሉ። አንገትህን ደፋህ።

በማግስቱ ሱቄ መጣህ። ጫማህ ጭቃ በጭቃ ነበር።

«ሽቦው ተቆርጧል ሰይፉ። ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ፤ የተቀበረውም ተነቅሏል፣ መብረቁ መውረጃ ሲያጣ ወደ ሰዎቹ ዘለለ። ብነግራቸው ሰበብ ፈጠረ አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ማን ይገዛል?»

ሽቦው ከኋላዬ፣ ከሸራው ሥር ነበር።

«እኔ እንጃ» አልኩህ።

«ሰውየውን ላሳስር አይደለም። ሽቦውን ባሳያቸው ግን የሌላውን ቦታ ዘንግ አያወርዱም። በየቦታው እያወረዱ ነው እኮ። ክረምቱ ገና ነው።»

«አፈላልጋለሁ» አልኩህ። አመሰገንከኝ። ወላሂ፣ አመሰገንከኝ!

የቤተ ክርስቲያን ሽቦ ሙስሊም ነጋዴ ቤት ተገኘ ቢባል ሱቁ ይቃጠላል፣ ባለቤቴ ሐያትና ልጆቹ ይነካሉ ብዬ ፈራሁ። እውነትም ፈርቼ ነበር። ግን ለአንተ ለብቻህ ብነግርህ ማን ይሰማ ነበር? አንተ መላ አታጣም ነበር። ይህን የማስበው አሁን ነው።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመህ ማስቀደስ ጀመርክ፤ ወደ ውስጥ አልገባህም። እህል ጠላህ። በሰኔ ክፍል ውስጥ ደም ግፊትህ ተነስቶ ወደቅህ። አልጋህ ላይ ሆነህ እጄን ይዘህ «የእኔን ነገር ተወው። የጌጫውን ትምህርት ቤት አደራ» አልከኝ። ያን ጊዜም አልነገርኩህም። በሁለተኛው ቀን አረፍክ።

ባለፈው ሳምንት ሔዋን ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በየቀኑ ሱቅህ ይመጣ ነበር» አለችኝ። «አንዷን ቀን አጣህ?» ተነስታ ፋና ወዳለችበት ጓዳ ገባች። ብጠብቅ ብጠብቅ አልወጣችም።

ከዚያ ሽቦውን ይዤ ቄስ ወርቅአፈራሁ ዘንድ ወጣሁ። ቁራጩን ከቀረው ጫፍ ጋር ገጥመው አዩት። ይመቱኛል ብዬ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጡና «በልጄ ቀብር የተናገርኩትን አሁን ማን ይመልስልኛል?» አሉ። ለፖሊስም ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሱቁን ያቃጠለ የለም። ቀና ብሎ ያየኝም የለም።

ትናንት ጌጫ ሄድኩ። ካቆምካቸው አሥራ ዘጠኝ ዘንጎች አሁን የቆሙት አራት ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ከወረዱት ነው። ወላጆቹን ሰብስቤ ሽቦውን የቆረጠው ሌባ መሆኑን፣ የገዛሁት እኔ መሆኔን፣ ዘንጉ ጥፋት እንደሌለበት ነገርኳቸው፤ ዘንጉ ይመለስ ብዬ ለመንኩ። እስክጨርስ በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ። ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ ተነሱ።

«ይገባናል ልጄ። የወዳጅህን ስም ልታነጻ በራስህ ላይ ያልሆነውን መሰከርክ። እንዳንተ ያለ ጓደኛ ለሁሉም ይስጥ። ብረቱ ግን ከልጆቻችን ራስ በላይ ተመልሶ አይተከልም» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ሰዉ ሁሉ «አሜን» አለ።

አፈሩ ይቅለልህ ይሄይስ። ነገም እመለሳለሁ፣ ከነገ ወዲያም፤ እስኪያምኑኝ ድረስ።

ሰይፈዲን