ያልለቀቀው ብየዳ
የአቶ አብዱልጀባር ሰዑድ የሕይወት ታሪክ

አቶ አብዱልጀባር ሰዑድ ከአባታቸው ከአቶ ሰዑድ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራህመት አሊ፣ በተሁለደሬ ወረዳ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር በምትገኝ መንደር በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩን እናታቸውም በውል አያውቁትም ነበር፤ ጤፍ ሲታጨድ ነው ይሉ ነበር። ይህን የጻፍኩት ባለቤታቸው መሪማ ነኝ። ልጄ ኢንሳፍ ፊደሉን አስተካክላልኛለች፤ ነገሩ ግን እንዳየሁት ነው።

ቁርኣን በመንደራቸው እስከ መጨረሻው ቀርተው አኽትመው ሐይቅ ከተማ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ ደሴ አንድ ጋራዥ ተቀጥረው ሜካኒክነትና ብየዳ ለመዱ። በ1978 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ላንድሮቨር በጨረታ ሲሸጥ ገዙና ወደ ሐይቅ ተመለሱ። በዓመቱ ከእኔ ከመሪማ ጋር በኒካህ ተጋቡ። ሙስዓብንና ኢንሳፍን አላህ ሰጠን።

ላንድሮቨሯ ያልወጣችበት ዳገት የለም። የውጫሌን ገበያተኛ ታመላልሳለች። ለመውሊድ እኛን፣ ለእስጢፋኖስ ንግሥ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን የእግር መንገዱ እስከሚጀምርበት ታደርሳለች። ምጥ የያዛት ሴት ካለች በሌሊትም ይነሱ ነበር። ከፊት ወንበር ሁልጊዜ የሚቀመጡት የልብ ጓደኛቸው አቶ አሕመዲን ነበሩ። ሥራቸው ጭነት ማስተካከል ነው ይባል እንጂ ዋናው ሥራቸው ወሬ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ በከባድ ዝናብ፣ መኪናዋ ከአምባሰል ወደ ውጫሌ በሚያወርደው ቁልቁለት ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች፤ ሰው ሁሉ ዝናቡ መንገዱን ንዶት ነው ይል ነበር። አቶ አሕመዲን እዚያው ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። አቶ አብዱልጀባር እግራቸው ተሰብሮ ደሴ ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ተኙ። እሳቸው ተኝተው ሳሉ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሰላሀዲን መኪናዋን አስጎትተው አመጧት። ወንድሜ ሲመጣ አይቶ እንዳይደነግጥ ብለው አካሏን አቀኑ፤ ሆዷንም እንዳይዝግ ከነጭቃው ከዳር እስከ ዳር ካትራሜ የሚባል ጥቁር ዝፍት ለቀለቁት። ለደግ ብለው ነው ያደረጉት።

ከአባጋሮች፣ ማለትም ከእርቅ ሽማግሌዎቹ ፊት የቀረቡት ገና በምርኩዝ ሲሄዱ ነው። ሽማግሌዎቹ «ከመኪናዋ በኩል የምታውቀው ጉድለት ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም «የማውቀው የለም» አሉ። የአቶ አሕመዲን ባለቤት ወይዘሮ ዙለይሃ «የአላህ ቀደር ነው፤ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ» አሉ፤ ዱዓ ተደረገና እርቁ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ሰው ጭነው አያውቁም። ሐይቅ መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ከፍተው በር፣ አልጋ፣ ማረሻ ይበይዱ ነበር። ሻንሲ፣ ማለትም መኪናን ከሥር የሚሸከመው ዋና ብረት፣ የተሰበረበት ሰው ከመጣ ግን ወደ ደሴ ይልኩታል። በዒደል አድሓ የኡድሂያውን፣ የእርዱን ሥጋ መጀመሪያ የሚያደርሱት ወይዘሮ ዙለይሃ ቤት ነው፤ ይዘው ሄደው ከደጃፍ ይመለሳሉ እንጂ ገብተው ተቀምጠው አያውቁም። ላንድሮቨሯን በቆርቆሮ ዳስ ሥር በግንድ ላይ አቆሟት። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች የጥንት መኪና ስለሆነች ለሠርግ እናድሳት ብለው ሲለምኑ አልሸጥም አሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ሆዷን ሊያይ ሲል «ተነሳ ከዚያ» ብለው ተቆጡ። እሳቸው እንግዳ ተቆጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተን ስንመለስ ቤቱ ተዘርፎ ነበር፤ እሷን ግን ጎማ ስለሌላት ማንም አልነካትም።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። ደሴ ተመላልሰን ሐኪሞቹ ወደ ቤት ይዛችኋቸው ሂዱ አሉን። በ2017 መስከረም ላይ ወይዘሮ ዙለይሃ ይጠሩልኝ አሉ። መጡ። ባለቤቴ ፍራሽ ላይ ተደግፈው፣ እኛ ቤተሰቦቻቸውም እንኳ የማናውቀውን ነገሯቸው። አደጋው ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው የመኪናዋ ሻንሲ በግራ በኩል፣ የፊተኛውን ጎማ የሚይዘው ባሌስትራ ከሚታሰርበት ተሰንጥቆ ነበር። መለዋወጫ ስላጡ ከተሰበረ አካፋ ብረት ቆርጠው በራሳቸው እጅ በየዱት፤ ለማንም አልተናገሩም። ያ ብየዳ ለቆ ከሆነ ጎማው ዞሮ መኪናዋን ገደል የከተታት እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቋቸው ያላነሱት ይህንን ነው። በኋላም ካትራሜ ስለተለቀለቀበት አይታይም፤ አንስተው ለማየት ደግሞ ፈሩ።

ወይዘሮ ዙለይሃ እስከ መጨረሻው ሰሙና «ታዲያ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ሥጋ ይዘህ ከደጄ የምትቆመው? እኔ ደግሞ ቤቴ ይሸተዋል እንዴ እያልኩ ስጨነቅ ኖርኩ» አሉ።

ባለቤቴ «አውፍ ያልሽኝ ሳታውቂ ነው። ለቆ ከሆነ እንደገና ልጠይቅሽ፤ ሳላውቀው እንዳልሞት» አሉ።

«እንግዲያው ካትራሜው ይነሳና ይታይ። ሲነሳ ግን እኔም እኖራለሁ።»

ሙስዓብ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ በወፍራም ግንድ አስደገፋት። ፍራሻቸውን ዳሱ ሥር አነጠፍንላቸው። ሙስዓብ በኤሌክትሪክ መፈግፈጊያ ቶሎ ልጨርሰው ሲል ከለከሉት፤ ማሽኑ ብየዳውንም አብሮ ይልጠዋል፣ ስንጥቅም ካለ ይደፍነዋል፣ በእጅ ይሁን አሉ። ካትራሜው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ላምባ የተነከረ ጨርቅ ይለጥፉበታል፣ ሲለሰልስ በመፋቂያ ያነሱታል፣ የቀረውን በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍጉታል። ከሥሩ ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ዝገት፣ ከዝገቱ ሥር ደግሞ ድሮ ሐይቁ ዳር ስትታጠብ የገባባት አሸዋ ይወጣል። ኢንሳፍ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት። ወንድሟ ሲደክመው «ወዲያ በል፤ እኔ የዓረብ ምድጃ ስፈገፍግ ነው የኖርኩት፤ ይቺ ምን አላት» ብላ መኪናዋ ሥር ገባች። ፊቷ ጠቁሮ ስትወጣ ወይዘሮ ዙለይሃ «አሁን ማን ያገባሻል» አሏት። ባለቤቴ ሳቁ። ከታመሙ ጀምሮ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ግን ከኋላ ጀምሩ ብለዋቸው ነበርና፣ ልጆቹ ወደ ፊት በቀረቡ ቁጥር እሳቸው ቀስ በሉ ማለት አበዙ። በመጨረሻ ሙስዓብ ከሥር ሆኖ «አባባ፣ የአካፋውን ብረት አገኘሁት፤ ቦታው ላይ ነው» አለ። እሳቸው ግን አላመኑም። ተሰንጥቆም ቦታው ላይ ሊቆይ ይችላል አሉ። ብየዳውን ዙሪያውን ላምባ ቀብቶ እንዲያቆየው፣ ከዚያ ደህና አድርጎ ጠርጎ ጠመኔ ፈጭቶ እንዲያለብሰው ነገሩት። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ላምባ ይወጣና ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። ይህን ድሮ ደሴ ጋራዥ ነው የተማሩት።

ጠመኔው ከለበሰ በኋላ የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ተሰገደ። እሳቸው ተቀምጠው ነው የሰገዱት፤ ሱጁዳቸው ረዘመ። ሶላቱ ሲያልቅ ሙስዓብ ሊገባ ተነሳ። ወይዘሮ ዙለይሃ እጁን ያዙትና «የሞተው የኔ ባል ነው፤ መጀመሪያ እኔ ልየው» አሉ። ነጠላቸውን አስቀምጠው፣ ከመኪናዋ ሥር በተነጠፈው ጆንያ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ገቡ። መብራት አቀብሏቸው ሙስዓብም በወዲያ በኩል ገባ። እኛ እግራቸውን ብቻ እናያለን። በጣም ቆዩ።

«አብዱልጀባር» አሉ ከሥር ሆነው።

«አቤት።»

«ነጭ ነው። ዙሪያውን ዳበስኩት፤ እንደ ሊጥ ነጭ ነው። ጭረት የለበትም።»

ሙስዓብም «መሪው የሚታሰርበትም ደህና ነው፤ የተሰበረ ነገር የለም» አለ። መኪናዋን ያወጣት የተናደው መንገድ ነው ሲሉ የኖሩት ሰዎች እውነታቸውን ነበር።

ባለቤቴ አልሀምዱሊላህ አሉ። እንባቸውን ለመጥረግም እጃቸውን አላነሱም። ወይዘሮ ዙለይሃ ወጥተው አቧራቸውን አራገፉና «ቢለቅም አውፍ እልህ ነበር፤ አሁን ግን በመጪው ዒድ ገብተህ ትቀመጣለህ» አሏቸው። ዒዱ እስኪደርስ አልጠበቁም። በሳምንቱ ሙስዓብና ጎረቤት ደግፈዋቸው ሄዱ፤ ገብተውም ተቀመጡ። የበሉት ትንሽ ነው፤ እስኪመሽ ግን ስለ አቶ አሕመዲን ሲያወሩ ቆዩ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። ሕመሙ አልቀነሰም፤ እሳቸው ግን ቀለል ብሏቸዋል። ሙስዓብ ሻንሲውን መልሶ ካትራሜ እንዳይቀባው አደራ አሉት፤ የዝገት መከላከያ ቀለም ብቻ፣ ያውም ብየዳው እንዲታይ በስሱ። እሱም ጎማ ገጠመላት፣ ሞተሯን አስነሳ። ድምፁን አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙት።

አቶ አብዱልጀባር ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ጁምዓ ጎህ ሲቀድ፣ ሸሃዳ ይዘው በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በዚያው ቀን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተሰግዶባቸው አርዲቦ በአባታቸው መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ መሪማ፣ ልጆቻቸው ሙስዓብና ኢንሳፍ፣ ወንድማቸው አቶ ሰላሀዲን አሉ። አቶ ሰላሀዲን ካትራሜውን የቀባሁት እኔ ነኝ እያሉ እንዳይጸጸቱ አደራ ተብለዋልና፣ ዛሬ በዱዓው ላይ ያላችሁም ይህንኑ ንገሩልን።

ከሐይቅ እስከ አርዲቦ ጀናዛቸውን የወሰደችው ላንድሮቨሯ ናት። ሙስዓብ ነዳ። ከፊት ማን ይቀመጥ ሲባል ወይዘሮ ዙለይሃ በሩን ራሳቸው ከፍተው ገቡ። «ይህ የአሕመዲን ቦታ ነው፤ ጓደኛውን እኔ እሸኝለታለሁ» አሉ። እስከ መቃብሩ አጥር ድረስም እዚያው ተቀምጠው ሸኟቸው።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ያስጨነቃቸውን በዱንያ ላይ እንዳነሳላቸው በአኺራም ፊታቸውን ነጭ ያድርግላቸው። ከአቶ አሕመዲን ጋር በጀነት ያገናኛቸው፤ ወሬያቸውንም ይጨርሱ። አሚን።