ሳይክልህን በጨርቅ ጠገንኩት

ለአባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሞላው። በሙት ዓመትህ ዕለት መቃብርህ ላይ ሻማ አብርቼ ብቻ ነበር የተመለስኩት። ዛሬ ግን የምነግርህ አለኝ። ጉራ እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ይህን ግን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። የሽመና ዕቃህ እንደቆመ ነው፤ እማዬ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። እሷ ዛሬም ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች የነጠላ ጫፍ ትቋጫለች። እኔ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ችግኝ ጣቢያ ሥራ አግኝቻለሁ፤ የምሄደውም በአንተ ሳይክል ነው። መጀመሪያ እማዬ «የሱን ነገር አትንኪ» ብላ ተቆጥታኝ ነበር። ኋላ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍታ የምትሸኘኝ እሷ ሆነች።

ያንን ሳይክል እንዴት ትወደው እንደነበር! ከመርካቶ ክር ጭነህ ሽቅብ ስትመጣ ሌላው ወርዶ ሲገፋ አንተ ከኮርቻህ ሳትነሳ ትወጣው ነበር። ቤት ስትደርስ ደግሞ በሁለት ጣትህ አንጠልጥለህ «አሉሚኒየም ማለት ይሄ ነው!» ትለኛለህ፤ በየቀኑ፣ እንደ አዲስ።

ክረምቱ ሲወጣ ግን ዳገት ላይ ስረግጠው ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። ሰንሰለቱ መስሎኝ ዘይት ቀባሁት፤ አልተወም። አንድ ቅዳሜ ጭቃውን ሳጥብ ከፔዳሉ ከፍ ብሎ፣ የመቀመጫው ቱቦ ሥር፣ ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ። ጥፍሬን ሳስኬድባት ያዘችኝ። ክው አልኩ፤ ተሰንጥቋል።

ሁለት በያጆች ጋ ወሰድኩት። አንደኛው «ብረት ቢሆን አሁኑኑ እበይድልሽ ነበር፤ ይሄ ግን በኔ እሳት ይቀልጣል» አለኝ። ሁለተኛው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ለቆራሌ ስጪው» አለ። እየገፋሁት ወደ ቤት ስመለስ ዳግመኛ የቀበርኩህ መሰለኝ።

የመኪና ባምፐር የሚጠግኑትን ጎረቤታችንን ጋሽ ደምሴን ታስታውሳቸዋለህ። አጎንብሰው ስንጥቁን ብዙ ካዩ በኋላ «ፋይበር ግላስ ይይዘው ይሆናል። ግን ከጀመርሽው የለብ ለብ ሥራ አይሆንም፤ ነፍስ ነው የምታስቀምጪበት» አሉኝና ከመስታወት ክር የተሠራውን ጨርቅ ቆርጠው፣ ከነሙጫውና ከነማጠንከሪያው ሰጡኝ። ብርሃን ላይ ዘርግቼ ሳየው ምን እንዳየሁ ታውቃለህ? ድርና ማግ! ለካ የማውቀው ነገር ነው።

ሳይክሉን ፈታትቼ ጓሮ አወጣሁት። ስንጥቁ እንዳይሮጥ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ በጋሽ ደምሴ መሰርሰሪያ ትንንሽ ቀዳዳ በሳሁ። ቀለሙን አሉሚኒየሙ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ ቅባት እንዳይቀር በአሴቶን ወለወልኩ፣ ሙጫውን ከማጠንከሪያው ጋር በጥብጬ ጨርቁን እያራስኩ ጠቀለልኩ።

አልተሳካም። ከደረቀ በኋላ በሳንቲም መታ መታ ሳደርገው አንድ ቦታ ላይ ባዶ ድምፅ ሰጠኝ፤ ጨርቁ ተጨማዶ ሥሩ አየር ታምቋል። ሁለት ቀን የለፋሁበትን፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ብናኙ ቆዳዬን እየበላኝ መልሼ ፋቅሁት። እንባዬ መጣ። እማዬ ከደጃፍ ሆና ታየኝ ነበር። «ተይው በቃ» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ጓንት አድርጋ መጣችና «አባትሽ ድር ሲወጥር ስታዪ አይደል ያደግሽው? አላልተሽ እኮ ነው የጠቀለልሽው። በይ ጫፉን እኔ ልያዝልሽ» አለችኝ።

እሷ እየወጠረች እኔ እየጠቀለልኩ፣ አንዱን ሰያፍ ሌላውን ቀጥ እያደረግን፣ ስድስት ድርብ አለበስነው። ስትቋጭ እንደምታደርገው የምላሷን ጫፍ ነክሳ ነበር። ከላይ በፌስታል ሸፍነን፣ አሮጌ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ሸንሽነን ጥብቅ አድርገን አሰርነው።

አራት ቀን ፀሐይ ላይ ቆየ። በሳንቲም ስመታው ድፍን ድምፅ ሰጠ። ቢሆንም አላመንኩትም። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያም ሜዳ ሜዳውን ሁለት ሳምንት ነዳሁት፤ ማታ ማታ እየወለወልኩ ዙሪያውን አየሁ። አንድ እሑድ ጠዋት ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። ምእመናኑ ነጠላቸውን አጣፍተው በዳር በዳር ይወጣሉ። የመጨረሻው ዳገት ላይ ብድግ ብዬ ባለኝ ኃይል ረገጥኩት። ሲጥ አላለም። የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው። ላይ ስደርስ አለቀስኩ፤ የሐዘን ግን አልነበረም። ቁልቁለቱን እየገፋሁት ወረድኩ። መኩራት ሌላ፣ መድፈር ሌላ።

እማዬ በር ላይ ሆና ስገፋው ስታይ ደነገጠች። «ተሰበረ እንዴ?» «ኧረ እማዬ፣ ዳገቱን ጨርሶታል!» አልኳት። የዚያን ዕለት ለዕድርተኛው ሁሉ «እኔና ልጄ ብረት ጠገንን» ስትል ዋለች። ብረት አይደለም አላልኳትም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወሬውን የሰማ ሰው የተሰነጠቀ ሳይክል ይዞ መጣ። የእሱ የተሰነጠቀው የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ነው፤ እሱ ሲሰበር ሰው በግንባሩ ነው የሚደፋው። «ይህን አልነካም፤ አንተም አትንዳው» አልኩት። «ታዲያ ምኑን ጠጋኝ ሆንሽ!» ብሎኝ ሄደ።

በሩን ስዘጋ ትዝ አልከኝ። ልጅ ሳለሁ አንዲት የሙሽራ እናት ጥበቡን በሦስት ቀን አድርስልኝ ብላ ስትለምንህ «የጥድፊያ ሥራ ልጅሽን ያሳፍራታል» ብለህ መልሰሃት ነበር። ሰድባህ ስትወጣ እኔ ባንተ አፍሬ ከመጋረጃው ኋላ ተደበቅሁ። ይቅር በለኝ አባዬ፤ ያኔ አልገባኝም ነበር።

አልረሳህም። ሥራዬን ሰው ሲያደንቅልኝም ስምህን እጠራለሁ። ከሁሉ ይበልጥ ግን፣ እጄ የማይችለውን «አልችልም» ብዬ ሰው ባስቀየምኩ ቁጥር አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ትዕግሥት