አልጋውን ለማገዶ እንዳትሰጪ

እህቴዋ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ነፍሱን ይማረውና የባለቤትሽን አልጋ ለማገዶ እሰጣለሁ ያልሽኝ ነገር እዚህም ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል። ዛሬ ልጄ ከምትኖርበት ፎቅ ሥር ያለ አናጢ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሰፈሩ «ጉጠቱ» ይለዋል፤ ከፈረሰ ቤት በርና መስኮት እየሰበሰበ ሚስማር ሲነቅል ነው የሚውለው። ለሚወለደው የልጅ ልጄ ከአሮጌ በር አልጋ ሲሠራ አገኘሁት። ሲልገው እንጨቱ ከውስጥ ማር መስሎ ወጣ! እኛ ዘንድ ቢሆን ቫርኒሽ ይለቀለቅና ሽታው ለሳምንት ራሳችንን ሲያዞረን ይከርም ነበር። እሱ ግን የተልባ ዘይትና የንብ ሰም አቅልጦ በጨርቅ ያሸዋል።

«ሕፃኑን አይጎዳውም?» ስለው ጣቱን ነክሮ ላሰው።

«እናቴ፣ ጥርስ ሲያበቅል አልጋውን መንከሱ መቼ ይቀራል?»

እኔም ላስኩልሻ! «ጨው ብቻ ነው የጎደለው» ስለው ሳቁን ለቀቀው።

ያን ጊዜ ያንቺን ነገር አጫወትኩት። እግሩ የተሰበረ አልጋ ነው፣ ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች አልኩት። ሥራውን አቆመና፣ «የዱሮ እንጨት መጣመሙንም መሰንጠቁንም ጨርሷል፤ ከእንግዲህ አያስቸግርም። አልጋ ሆኖ ካስለቀሳት ሌላ ነገር ይሁንላት» አለኝ።

ይቺ የምጽፍብሽ ፖስት ካርድ ሞላችብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ጎረቤቶቹን ሰላም በይልኝ። አናጢ ጥሪና አልጋውን አግዳሚ ወንበር ያድርግልሽ፣ በረንዳሽ ላይ ይቀመጥ። ብቻዬን ልጎለትበት ነው ወይ እንዳትይኝ፤ ለሁለት እንዲበቃ አድርገሽ አሠሪው፣ አንደኛው ጫፍ የኔ ነው።