ጣቴን ቀስሬ የቀረሁበት ዕለት

እትዬ፣ ሰላምታው ይቆየኝና በደሌን ላስቀድም፤ መርሳቴን ሰርቀው ትወና ነው ብለው ሸጡት።

አሁን እንደ ወጉ ልጠይቅሽ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ ደረጃውን ብቻሽን ትወጪያለሽ ወይስ ዛሬም የሰው ትከሻ ትይዣለሽ? ባለቤትሽንስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እህል ይበላልኛል፣ እንቅልፍም አይከፋም።

በወጣትነቴ ደጋግሜ የተጫወትኩት የግል መርማሪ፣ ባለካፖርቱ፣ አርጅቶ እንዲመለስ ተፈልጎ አዲስ ፊልም እንደሠራን ጽፌልሽ ነበር። መቼም ታውቂኛለሽ፤ ፊደልን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ የለቀምኩ ሰው ነኝና ወረቀት ይዤ ቀረጻ ገብቼ አላውቅም። የሁሉንም ሰው ንግግር ሸምድጄ ነው የምገባው።

የመጨረሻው ትዕይንት መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ ገዳዩን በስም የሚጠራበት ነው። ዞር ዞር አልኩ፣ ባርኔጣዬን አወለቅኩ፣ ጣቴን ቀሰርኩ። ስሙ የለም። እትዬ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ እንኳ አልነበረም፤ ተጠርጎ ወጥቷል። እንዲህ ሲሆን አዘጋጁ ካሜራውን ማስቆም ነበረበት፤ የሥራችን ደንብ ነው። እሱ ግን ካሜራው እንዲቀርጽ ተወው። ባሏ የተገደለባትን ሴት የምትጫወተው ተዋናይት አሳዘንኳትና እጄን ይዛ ስሙን ሹክ አለችኝ። ከዚያ ደግመን ቀረጽን፤ ስሙን እንደ ጥይት ተኮስኩት፤ ተጨበጨበልኝና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ባለፈው ሳምንት ፊልሙ ሲመረቅ አዳራሽ ተቀምጬ ያየሁት ግን ስሙ የጠፋብኝን የመጀመሪያውን ቀረጻ ነው። ጣቴን ቀስሬ፣ አፌን ከፍቼ፣ ገበያ ውስጥ እንደ ጠፋ ልጅ ስዋትት። ሰው አለቀሰ። ተነሥቶ አጨበጨበ። አዘጋጁ አቀፈኝና «አባባ፣ እንዲህ ያለ ትወና ከየት አመጡት?» አለኝ። «ከእናቴ ወረስኩት» አልኩት፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊውም ደጁን ባለፍኩ ቁጥር «መርማሪው! ቤትዎ በዚህ ነው፣ እንዳይጠፋዎት!» ይለኛል። ፍቅሩ ነው። በፍቅሩ ይገድለኛል።

በዚያው መልክ ሌላ እንሥራ ብለው መጡ። ካፖርቱን ከነባርኔጣው አስረከብኳቸውና በሬን ዘጋሁ።

አሁን ፊልሙ በቴሌቪዥን እናንተም ዘንድ ይደርሳል አሉ። ለምኜሽ አላውቅም፤ ዛሬ ግን እለምንሻለሁ። የሳሎኑ ትዕይንት ሲጀምር ተነሥተሽ ጓሮ ውጪ። ሌላው ሰው ሁሉ ትወና ነው ይላል፤ አንቺ ግን እናታችንን እስከ መጨረሻዋ ያስታመምሽ ነሽ። በአባታችን ስም ስትጠራኝ ዓይኗ ምን ይመስል እንደነበር ታውቂያለሽ። እኔ ሸራው ላይ ያየሁት ያንን ዓይን ነው። ሐኪም ዘንድ ሂድ እንዳትዪኝ። ሐኪም የጠፋውን ይነግረኛል እንጂ አይመልስልኝም።

ባለቤትሽን እጅ ነሥቷል በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ ጋራዡ እንደቀናው ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ምራትሽን በሰላም ያገላግላት። የመጨረሻዋን ልጅሽን፣ ያቺን ጥርሰ ፍንጭቷን፣ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስሟን ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ፣ ሻዩም ቀዘቀዘ። አንቺው ጥሪልኝ።

ይህን ነገር ከዛሬ በኋላ በአፌም በብዕሬም አላነሣውም። አንቺም ብትጠይቂኝ፣ ደብዳቤሽን እዚያው መስመር ላይ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ወንድምሽ
ከጣሪያው ሥር ካለችው ክፍሌ፣ ኅዳር 9 ቀን