ለአንድ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የተማሩት የኢንጂነር ኡርጂ ገርባ የሕይወት ታሪክ

(1975 – 2018 ዓ.ም.)

ኢንጂነር ኡርጂ ገርባ ከአባታቸው ከኦቦ ገርባ ጉታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቅቱ ሊቤ ጥር 13 ቀን 1975 ዓ.ም. በተፍኪ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ኡርጂ በኦሮምኛ ኮከብ ማለት ሲሆን ስሙን ያወጡላቸው አባታቸው ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ ይባላል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በ1982 ዓ.ም. እዚያው ተፍኪ አንደኛ ክፍል ገቡ። የተፍኪ ሜዳ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ ይተኛበታል፤ አንዳንድ ዓመትም አዝመራው እንዳለ ይበሰብሳል። ኢንጂነር ኡርጂ ልጅ ሳሉ «ይኼ ሁሉ ውኃ እዚህ ተኝቶ እኛ ለምን ሩቅ ሄደን እንቀዳለን?» እያሉ አባታቸውን ያስቸግሯቸው ነበር። ኦቦ ገርባም «ተማሪና አንቺ ንገሪኝ» ይሏቸው እንደነበር እናታቸው ያስታውሳሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሰበታ በአክስታቸው በወይዘሮ ወርቅቱ ሊቤ ቤት ተቀምጠው ከተማሩ በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1999 ዓ.ም. በሲቪል ምሕንድስና በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ።

በዚያው ዓመት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የግንባታ አማካሪ ድርጅት ሄዱ። ከአመልካቾቹ መካከል ሴት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። የድርጅቱ ኃላፊ አሻቅበው አይተዋቸው «ጭቃ ትችያለሽ?» ሲሏቸው፣ «ያደግኩት ተፍኪ ነው» ብለው መለሱ፤ በዚያው ተቀጠሩ። እኚህ ኃላፊ ሥራ ያስተማሯቸው፣ በክፉም በደጉም ያልተለዩዋቸው፣ ኋላም ለጋብቻቸው ሽማግሌ ሆነው ተፍኪ ድረስ የሄዱ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ስማቸውን በዚህ ጽሑፍ ላለመጥቀስ ወስኗል።

ኢንጂነር ኡርጂ በ2003 ዓ.ም. በሰበታ የፊዚክስ መምህር ከሆኑት ከአቶ ዓባይነህ አትክልት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ልጃቸውን ሉሲን በ2005፣ ልጃቸውን ሊቤን በ2009 ዓ.ም. ወልደዋል። መምህር ዓባይነህ ኦሮምኛን የተማሩት ከአማታቸው ጋር ለመጨዋወት ሲሉ ነው። ቤታቸው በአንዱ ቋንቋ ተኳርፎ በሌላው የሚታረቅ፣ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ነበር።

በዓለም ገናና በሰበታ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ግንባታዎችን ሲቆጣጠሩ ከቆዩ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ድርጅታቸው በቡራዩ ለሚዘረጋ የውኃ መስመር ተቆጣጣሪ መሐንዲስ አድርጎ መደባቸው። ሥራው ብዙ ባለቤት ነበረው። ውኃው የአንድ መሥሪያ ቤት፣ መንገዱ የሌላ፣ የመብራት ምሰሶው የሌላ ነበር። ቁፋሮው የተቋራጩ፣ ቁጥጥሩ ደግሞ የእርሳቸው ድርጅት ነው። ሁሉም ያዝዛል፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ግን እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ዝናቡ አላባራ ብሎ የተቆፈረው ቦይ ግድግዳ እየላላ መሄዱን ተመለከቱ። ለቀጠሯቸው አለቃቸው ስልክ ደውለው የእንጨት ድጋፍ እስኪገባ ድረስ ሥራው እንዲቆም ጠየቁ። አለቃቸው «ማስቆም የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ የባለቤቱ፣ የውኃው መሥሪያ ቤት ነው። የምርቃቱም ቀን ተቆርጧል» አሏቸው። በማግሥቱ እርሳቸው ለስብሰባ አዲስ አበባ ተጠርተው ሳለ ቦዩ ተደረመሰ። ውስጡ ቱቦ ይገጥሙ ከነበሩት ሠራተኞች መካከል ኡዘይር የተባለ የሁለት ልጆች አባት እዚያው ሕይወቱ አለፈ።

ኢንጂነር ኡርጂ ወንድማቸውን ጉታን ይዘው ለቅሶ ለመድረስ ቡራዩ ወደሚገኘው የሟቹ ቤት ሄዱ። የኡዘይር ባለቤት ወይዘሮ መብሩካ ትንሿን ልጅ ታቅፈው ተቀምጠው ነበር። አልጮሁም፤ አልተራገሙምም። «ወደ ተቋራጩ ሄድኩ፣ ወደ እናንተ ላከኝ። ወደ እናንተ መጣሁ፣ ወደ ውኃው ቢሮ ላካችሁኝ። እነሱ ደግሞ ወደ መንገዱ» አሉ። ቀጥለውም «ያን ቀን ጠዋት ‹ዛሬ አትግቡ› ማለት የነበረበት ሰው ማን ነው? ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም» አሏቸው።

ኢንጂነር ኡርጂ «ባውቀው እነግርሽ ነበር» አሉ።

«እንግዲያው ሲያውቁ ይንገሩኝ» አሉ ወይዘሮ መብሩካ።

ከዚያ ቀን በኋላ ኢንጂነር ኡርጂ ሌላ ሰው ሆኑ። ሳቃቸው ቀነሰ። ማዕድ ላይ ተቀምጠው በሐሳብ ይጠፋሉ። መምህር ዓባይነህ «ምን ሆንሽ?» ሲሏቸው «የጠየቀችኝ ከባድ ነገር እኮ አይደለም። እንዴት ይኼን የሚያህል ሥራ ላይ አንድ ሰው አጣለሁ?» ይሏቸው ነበር።

በ2012 ዓ.ም.፣ ሁለት ልጆች እያሉባቸውና ከሥራቸው ሳይለቁ፣ በውስብስብ ፕሮጀክቶች አመራር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀመሩ። ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ለአክስታቸው ትተው ከሰበታ በሚኒባስ ይመላለሱ ነበር። ኦቦ ገርባ «ድልድይና ቧንቧ መሥራት ተምረሽ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ቀረሽ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «አባዬ፣ ሥራውን ሳይሆን የሚሠራውን ሰው ነው የምማረው። ባለቤቱ ሲበዛ፣ አንዱ የሠራው ሌላውን ሲነካ፣ ማን ማንን ይሰማል የሚለውን ነው» አሏቸው። አባታቸውም «ጨርሰሽ ሳልሞት ያሳየኝ» ብለው መረቋቸው። አልሆነም። በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከፈት ጊዜው ተራዘመ፤ ኦቦ ገርባም በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. አረፉ። ኢንጂነር ኡርጂ የአባታቸው ሠልስት በዋለ ማግሥት ጥቁር ለብሰው ፈተና ተቀመጡ።

የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርዕስ ለመምረጥ አልተቸገሩም፤ የቡራዩን መስመር ያዙ። ብዙ ባለቤት ባለው ሥራ ውስጥ «ይቁም» የሚለው ቃል ከየት እንደሚጠፋ ለመመርመር ተነሡ። የሚያውቋቸው መሥሪያ ቤቶች አናነጋግርም አሏቸው። የሚያስተምሯቸው መምህር በቅንነት «ይኼ ርዕስ አያስጨርስሽም፤ ሰው የማይሞትበት ፕሮጀክት ፈልጊ» ብለው መከሯቸው። አልተቀበሉም። ቆፋሪዎቹን፣ የቧንቧ ሠራተኞቹን፣ የተቋራጩን ቀያሾች አንድ በአንድ ፈልገው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ አነጋገሩ።

በ2014 ዓ.ም. የውኃው መሥሪያ ቤት ተወካይ የነበሩና ጡረታ የወጡ ሰው ሱሉልታ በሚገኘው ቤታቸው ተቀብለው አነጋገሯቸው። ሰውየው በጥያቄው ተገረሙ። «ማስቆም የምትችሉትማ እናንተ ነበራችሁ። ተቆጣጣሪ የተቀጠረው ለዚያ አይደል? ለአለቃሽ ክረምቱ ሳይገባ ‹ካሰጋችሁ አስቁሙ› ብዬ ነግሬዋለሁ። ‹ቀኑን ካሳለፍን ቀጣዩን ሥራ አናገኝም› አለኝ» አሏቸው።

ኢንጂነር ኡርጂ ቤታቸው ሲደርሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋ ላይ ተጋደሙ። መምህር ዓባይነህ ነገሩን ሲሰሙ ደነገጡ። «ኡርጂዬ፣ ይኼ ሰው እኮ ሽማግሌያችን ነው። ቤታችንን ያቆመ ሰው ነው» አሏቸው። እርሳቸውም «ለዚህ ነው ለማንም ሳልናገር ለራሱ ቀድሜ የምነግረው» ብለው መለሱ።

በሳምንቱ ቢሯቸው ድረስ ሄደው ለአለቃቸው የሰሙትን ነገሯቸው። አለቃቸው አልካዱም። «ለሞተው ሰው ምን ይፈይድለታል?» አሉ።

«ለእርሱ ምንም። ባለቤቱ ግን ጠይቃኛለች። አብረን እንሂድና እርስዎ ይንገሯት።»

«አልሄድም። አንቺን ሰው ያደረግኩሽ እኔ ነኝ፤ ይኼን አትርሺ።»

«አልረሳሁም» አሉ ኢንጂነር ኡርጂ። «ባልረሳዎት ነው የመጣሁት።»

ይህን ንግግር ለወንድማቸው ሲነግሩ አለቀሱ፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለአለቃቸው።

ወደ ቡራዩ ብቻቸውን ሄዱ። ወይዘሮ መብሩካ በዚያን ጊዜ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጡ ነበር። ኢንጂነር ኡርጂ ከጎናቸው ቁጭ ብለው የአለቃቸውን ስም ነገሯቸው። «እኔም ‹ማስቆም አንችልም› ሲለኝ አመንኩት። ሳላጣራ ‹እሺ› ብዬ ስብሰባ ሄድኩ» አሉ። ወይዘሮ መብሩካ ደንበኛ መጥቶላቸው ሽንኩርት መዝነው ሰጡና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ይኼን ለማወቅ አራት ዓመት ፈጀ?» አሉ።

«አዎ፤ ፈጀ።»

«እስከዛሬ የምናደደው በመሥሪያ ቤት ነበር። መሥሪያ ቤት ፊት የለውም። አሁን ሰው ሆነ።» ይቅርታም ምስጋናም ከአፋቸው አልወጣም። ከዚያ በኋላ ተገናኝተው እንደሆነ ቤተሰቡ አያውቅም።

ኢንጂነር ኡርጂ ጽሑፋቸውን በ2015 ዓ.ም. አቅርበው በሁለተኛ ዲግሪ ተመረቁ። በጽሑፉ ውስጥ የማንም ስም የለም፤ ሥራው ብቻ ነው ያለው። ያም ሆኖ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። ድርጅቱ አሰናበታቸው። በየመሥሪያ ቤቱ «ያጎረሳትን እጅ የምትነክስ ናት» የሚል ስም ወጣላቸው። ለምረቃቸው ድግስ አልተደገሰም፤ ፎቶግራፉንም ራሳቸው ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል አሉ። ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈትተው ቤት ዋሉ።

በ2016 ዓ.ም. በሱሉልታ የውኃ ማጠራቀሚያና መስመር ግንባታ ላይ የሥራ መሪ ሆነው ተቀጠሩ። እዚያም ሠራተኛ ቦይ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ሁሉንም ሰብስበው፣ ያን ቀን ሥራውን ማስቆም የሚችለው ማን እንደሆነ በአፋቸው ይናገሩ ነበር። ቆፋሪም ቢሆን ከፈራ ማስቆም ይችላል አሉ። ተቋራጩ አልወደደውም፤ ባልደረቦቻቸውም «ኢንጂነር ይቁም» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። አንድ ክረምት ገደል አጠገብ ያለውን ቁፋሮ አስቁመው ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሰነበተ። መሬቱ ሳይናድ ዝናቡ አባራ። ስብሰባ ላይ «ለከንቱ ነው ያስቆምሽን» ብለው ሲወቅሷቸው፣ «ስላልተናደ ነው የተናደዳችሁት?» ብለው ብቻ ጠይቀው ተቀመጡ። ሱሉልታ በሠሩበት ጊዜ አንድም ሰው ተጎድቶ አያውቅም። ለዚህ ያመሰገናቸው ሰው መኖሩን ግን አልሰማንም።

ሕመማቸው የጀመራቸው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ሆዳቸውን ያማቸው፣ ምግብም አልረጋ ይላቸው ነበር። ወንድማቸው ተመርመሪ ቢሏቸው «የማጠራቀሚያው ጣሪያ ኮንክሪት ይሞላና እሄዳለሁ» እያሉ ቀጠሮ አሳለፉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የጨጓራ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ጉበታቸውም ደርሶ ነበር። ባለቤታቸው ያላንኳኩት የሕክምና በር፣ ያልወሰዷቸው ጠበል አልነበረም። መስከረም ላይ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ቢመለሱ ይሻላል አሉ።

እናታቸው ወይዘሮ ድንቅቱ ከተፍኪ መጥተው ሰበታ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። እንደ ሕፃን ያጥቧቸው፣ ፀጉራቸውን ይቋጩላቸው ነበር። ኢንጂነር ኡርጂ በመጨረሻው ሳምንት ዓይናቸውን ገልጠው «አዴ፣ ደከምሽ። ሂጂ ተኚ» አሏቸው። እናታቸውም «በተራ ቢሆን ኖሮ የምተኛው እኔ ነበርኩ፣ የምታስታምሚኝ አንቺ ነበርሽ» አሉ። ልጅም የእናታቸውን እጅ ይዘው «እሱንስ ማስቆም አልቻልኩም» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ጥቂት ነው።

ኢንጂነር ኡርጂ ገርባ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ42 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ኅዳር 10 ቀን ቤተሰቦቻቸው፣ ወዳጆቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት በትውልድ ቦታቸው በተፍኪ፣ ከአባታቸው ከኦቦ ገርባ መቃብር አጠገብ ይፈጸማል። የሱሉልታው ማጠራቀሚያ ሥራው ተጠናቋል፤ ውኃው ገና አልተለቀቀም።

ባለቤታቸው መምህር ዓባይነህ አትክልት፣ ልጆቻቸው ሉሲና ሊቤ ዓባይነህ፣ እናታቸው ወይዘሮ ድንቅቱ ሊቤ፣ አክስታቸው ወይዘሮ ወርቅቱ ሊቤ እንዲሁም ወንድማቸው አቶ ጉታ ገርባ ከኋላቸው ቀርተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችኋቸው፣ ዛሬም ሩቅ ሳትሉ ተፍኪ ድረስ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈል።

ጌታ ሆይ፣ ወለተ ሥላሴን ጥያቄ በሌለበት፣ ማንም ማንንም በማይወቅስበት ስፍራ አሳርፍልን። ልጆቿን በአባታቸው ጥላ ሥር አሳድግ። ልጇን ቀድማ ለምትቀብር እናት ደግሞ እኛ የምንለው ቃል የለንምና፣ አንተ ራስህ አጽናናት። አሜን።