ከመቃብር ጥግ የተዛቀ አፈር

ቬርናዬ፣

ካንሳስ ውስጥ ዛሬ ያየሁትን ሳልነግርሽ ማደር አልቻልኩም። ቤታቸው ያረፍኩት አሮጊት፣ ወይዘሮ አደሊን፣ ከአያታቸው መቃብር አጠገብ ማረሻ ነክቶት የማያውቅ አፈር ዝቀው ከሣር ዘር ጋር ይዘራሉ። «አያቴ በቁማቸው ሥራ አይወዱም ነበር፤ ይኸው ሞተው ያግዙኝ ጀመር!» ብለው ሳቁ። ያ አፈር የገባበት ሣር ወገቤን አልፏል፤ ያልገባበት ቁርጭምጭሚቴን አልሸፈነም።

«በአፈሩ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ፈንገስ አለ፤ ሥሩ ላይ ተጠምጥሞ ሣሩን የሚመግበው እሱ ነው። ደጋግመሽ ካረስሽው ይጠፋል» አሉኝ።

ወዲያው የእኛ ግጦሽ ትዝ አለኝ። ወንድሜ፣ ባልሽ ሃርላን፣ የተሻለ ሣር እዘራለሁ ብሎ ነባሩን ግጦሻችንን በየዓመቱ ሲገለብጠው፣ እኛ ደግሞ ሣሩ አልበቅል ባለ ቁጥር ዘር ሻጩን ስንረግም ኖርን። ላሞቹ ይኸው በግዢ ድርቆሽ ቀሩ። እዚያ ሳይታረስ የተረፈው፣ ትራክተሩ መዞሪያ ያጣበት የእናቴ መቃብር ዙሪያ ብቻ ነው። ያ ተንጨባሮ የሚያሳፍረን ሣር! ሃርላን ላጽዳው ብሎ እንዳይቆፍረው ቶሎ ንገሪልኝ።

የፖስታ ካርዱ መጻፊያ ሞላብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ስመለስ አካፋችንን ይዘን እናቴ ዘንድ እንሄዳለን፤ ከእርሻችን ያላጠፋነው ፈንገስ እሷ ጋ ያለው ብቻ ነው።

ሎይስ