ብረት የሸፈነው ጉልበቴ

ሰኞ፣ ጥር 4፤ ከጠዋቱ 3 ሰ.
ዛሬም ታሰርኩ። ወገቤ ላይ ቀበቶ፣ ጭኔ ላይ ቀበቶ፣ ባቴ ላይ ቀበቶ። ሞተሩ እዝዝ አለ፤ ቆምኩ። ስትሮክ ከጣለኝ ወዲህ ሰው ቁልቁል የማየው እዚህ ሰበታ፣ የአካል ማገገሚያ ማዕከሉ ውስጥ ብቻ ነው። ይህችን የምታራምደኝን ሮቦት በቅሎ ብያታለሁ። ገብስ ትታ መብራት የምትበላ በቅሎ። ባለሙያዋ ሰላም ሳቀች። ወዲያው መብራት ሄደ፤ ልምምዱ ቀረ።

ረቡዕ፣ ጥር 6
የልጅ ልጄ ሐዊ እሑድ ጥር 17 ልትዳር ነው። ድንኳኑ ፉሪ፣ ቤታችን ደጅ። አባቷ፣ ልጄ ደረጄ፣ የማዕከሉን ሥ/አስኪያጅ አናግሮ መጣ። ሮቦቷን ለዕለቱ ያመጡልናል፤ ቆሜ ሙሽሮቹን እቀበላለሁ፤ እነሱም ለማስታወቂያቸው ይቀርፁኛል። ተሽከርካሪ ወንበሬስ? አልኩት። ጓዳ ትገባለች አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። አየሽ ደብተር? ያፈረው በወንበሯ ነው በኔ? ምሳ አልበላሁም።
ግን ላንቺ ምን እደብቃለሁ፣ መቆሙን ፈልጌዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 14
ሐዊ ማዕከሉ መጣች። ቆሜ ጠበቅኋት። እንደ ሠርጉ ቀን ጉልበቴን ልትስም ዝቅ አለች፤ ከንፈሯ ብረት አገኘ።
“አካኮ” አለችኝ፣ አያቴ ስትል፤ “ጉልበትዎን የት ደበቁት?”
ጥርስሽን ጠብቂ፣ ለቁርጡ ያስፈልግሻል አልኳት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ለወጉ። ግራ ጉልበቴ ከታመምኩ ወዲህ ቢቆርጡትም አይሰማውም። ቀኙ ይሰማዋል። እሱንም ብረት አለበሱብኝ። እዚያ ጋ ያለውን ብረት ማውለቅ ይቻል እንደሆነ ሰላምን ጠየቅኋት። የሚያቆምዎት እኮ እሱ ነው አለች።

ዓርብ፣ ጥር 15
ለሥ/አስኪያጁ ደወልኩ፤ ተቀምጬ እመርቃለሁ አልኩት። እንግዲያው የሮቦቷ ተራዎ ለሌላ ይሰጣል አለኝ። በትሕትና፣ አንቱ እያለ። ደረጄ ጮኸ፤ በእልህ እግርዎን ሊጥሉት ነው አለ። እልህ አይደለም። መቆም እወዳለሁ። በጣም እወዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16
በቅሎዬ ዛሬ ሌላ ሰው ጭናለች። ይመቸው። አይመቸው። አላውቅም።
ደረጄ ወንበሬን ጓዳ አስገብቷት ኖሯል፤ ሐዊ አውጥታ ጎማዋን አጠበችልኝ። ነገ የድንኳኑ በር ላይ እቀመጣለሁ፣ መንገድ ዘግቼ። ጉልበቴን ያልሳመ አያልፍም። ሐዊ ቀኙን እንድትስም ነግሬያታለሁ።
ግራውን ለደረጄ ትቼለታለሁ።